«ያለ ስኳር» ያልነው ጁስ



ባለፈው ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ሰፈራችን ኮልፌ ውስጥ ካለች አንዲት ጁስ ቤት ጎራ ብለን ነበር። ይዘናቸው የሄድነው በመስጂዳችን ለረጅም ዓመታት አዛን ሲያደርጉ የኖሩ አንድ አባታችንን ነው። ስማቸውን አንጠራም፤ ሃጂ ማለት ይበቃል። ሃጂ የስኳር ታማሚ ናቸው። የዚያን ቀን ከሐኪም ክትትል ሲመለሱ ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። «ኑ እስቲ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ» ብለን ወሰድናቸው።

ጁስ ቤቷን እንደ እርስዎ ሰፈር ጁስ ቤት አድርገው ያስቡልን። አራት የፕላስቲክ ጠረጴዛ፣ በር ላይ የተደረደረ ፓፓያና አናናስ፣ ከባንኮኒው በላይ በእጅ የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር፣ ከባንኮኒው ጀርባ ከጠዋት ጀምሮ የቆመ አንድ ጎረምሳ። ደንበኛው ገብቶ «ስፕሪስ» ይላል፣ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከመሃል፣ ፓፓያው ከላይ ተደራርቦ ይመጣል። የእኛ ትእዛዝ ግን ቀላል ነበር፦ «ለሃጂ አቮካዶ፣ ያለ ስኳር፣ ሎሚ በደንብ ይጨመርበት።»

ሃጂ በማንኪያ ሁለት ሦስቴ ቀመሱና ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ጣፈጠኝ እኮ» አሉ።

«ኧረ ሃጂ! ወላሂ ስኳር የሚባል ነገር አላስገባሁበትም» አለ ልጁ።

ልጁ አልዋሸም፤ የስኳሩን ዕቃ አልከፈተም። ነገር ግን ከብሌንደሩ አጠገብ አንዲት ቢጫ ጆግ አለች። ቀና ብለን ስናያት ጠየቅነው፣ «ያቺስ?» አልነው። «እሷ ውሃ ናት፣ ጁሱ የሚፈጭባት» አለን። ቀምሰን አየናት። ስኳር በውሃ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ነው። ጠዋት ይፈላል፣ ቀኑን ሙሉ ወደ ሁሉም ጁስ ከእሷ ይንቆረቆራል። በልጁ ቋንቋ «ስኳር» ማለት በማንኪያ የሚጨመረው ነጩ ነው። «ያለ ስኳር» ሲባል ያንን ይተዋል፣ ከጆጓ ግን እንደ ወትሮው ይቀዳል። ሲቀጠር እንዲህ ነው ያሳዩት፤ የሚያውቀውም ይህንኑ ነው።

ሃጂ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ከረመዳን ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እዚህ ነው የምጠጣው» አሉን። ሐኪሙ በየቀጠሮው «ምን እየበሉ ነው?» እያለ ይቆጣቸው ነበር፤ መድኃኒትም ጨምሮባቸዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ ባለቤታቸው ተደብቀው ጣፋጭ የሚበሉ መስሏቸው ይነዘንዟቸዋል፤ እሳቸውም በተራቸው ሻዩ ውስጥ ስኳር ታደርጋለች ብለው ባለቤታቸውን ይጠረጥራሉ። አንድ ቀን ጀበናውን ሳይቀር አሽትተዋል። «አሮጊቷን ያለ ጥፋቷ አስቀየምኳት» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

እኛም አፈርን። ያፈርንበት ምክንያት ግን ልጁ ካደረገው ነገር ይለያል፤ እንመለስበታለን።

ስለ ጁስ መጻፋችን ለአንዳንድ ወንድሞች ቀልድ ይመስላቸው ይሆናል። «ኡማው ስንት ጉዳይ እያለበት!» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛ ደግሞ እንዲህ እናስባለን፦ በዚህ ከተማ ከሶላት ሰፍ ወጥተን ከጎረቤታችን ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የምንቀመጥባቸው ቦታዎች ስንት ናቸው? ሥጋ ቤቱ የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ ይለያል። ሠርግ ላይ ማዕዱ ይለያል። ይህ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ሁለቱም ወገን በመከባበር ይዞት ኖሯል፣ እኛም ቅሬታ የለንም። ጁስ ቤት ግን ቢላዋው የሚነካው ማንጎና አቮካዶ ብቻ ነው። ማን ባረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለጾመኛው ክርስቲያን ፍስክ የለበትም፣ ለእኛ ሐላል ነው። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ በአምስት ቀን ልዩነት የካቲት 22 ገባ። በዚያ ሰሞን መግሪብ ሲቃረብ ኮልፌ ጁስ ቤቶች ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ጾመኛ ነበር። አንዱ በቴምር ሊያፈጥር ጁሱን በፌስታል አስጠቅልሎ ይሄዳል፤ ሌላዋ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን እንዳደረገች «ወተት እንዳይነካው አደራ፣ ጾም ነኝ» ትላለች።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ያቺ እህት «አደራ» ስትል ለማን ነው የሰጠችው? ከእሷ በፊት አንዱ ሙዝ በወተት አስፈጭቶ ሊሆን ይችላል። ብሌንደሩ በደንብ ካልታጠበ የእሷ ጾም ተነካ፤ ደግሞ አታውቅም፣ አታይም። የጾሟ ነገር አንድ ሙስሊም ልጅ ጆጉን በማለቅለቁና ባለማለቅለቁ ላይ ወድቋል። ይህ አማና ካልሆነ አማና የምንለው ሌላ ምን አለ? የሃጂ «ያለ ስኳር»ና የእህታችን «ያለ ወተት» ለእኛ አንድ ናቸው። ሁለቱም ሊያዩት በማይችሉት ነገር በሰው ቃል አምነው ነው የሚጠጡት።

ጁስ ከሌላ ምግብ የሚለየው በዚህ ነው። እንጀራን ታየዋለህ፣ ሥጋን ታገላብጠዋለህ። ጁስ ግን ከተፈጨ በኋላ ምስክር የለውም። የጠቆረው አቮካዶ ከጥሩው ጋር ሲፈጭ አረንጓዴ ነው። ትናንት የተቆረጠው ፓፓያ ከዛሬው ጋር አንድ ቀለም ነው። ያልበሰለው ማንጎ በስኳር ውሃ የበሰለ ይመስላል። እንዲያውም ፍራፍሬው በተወደደ ቁጥር ስኳሩና ውሃው የሚጨምረው ለዚህ ነው፤ የጎደለውን ይሞላሉ፣ ምላስም ያታልላሉ። ብርጭቆው ሞልቶ መጥቶ ሁለት ደቂቃ ስታወራ አረፋው ወርዶ ጣት ያህል ጎድሎ የምታገኘውም ሌላ ጉዳይ ነው። ሱረቱል ሙጠፊፊን የወረደችው ሲሰፍሩ ስለሚያጎድሉ ሰዎች ነው፤ ብሌንደር በዚያ ዘመን ባይኖርም አየር ሸጦ ገንዘብ መቀበል አዲስ ነገር አይደለም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እህል የተከመረበት ሻጭ ጋ ደርሰው እጃቸውን ወደ ክምሩ ውስጥ እንዳስገቡ፣ ጣታቸውም እርጥበት እንዳገኘ ኢማሙ ሙስሊም ዘግበውታል። ሻጩ ዝናብ መቶት ነው ብሎ መለሰ። እሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ያታለለንም ከእኛ እንዳልሆነ ተናገሩ። ይህን ሐዲስ በመድረሳ ስንቀራ ያስደነቀን ነገር አለ፦ ዝናቡን ያዘነበው ሰውየው አይደለም። ጥፋቱ እህሉ መርጠቡ አልነበረም። ጥፋቱ ደረቁን ከላይ አድርጎ ማስቀመጡ ነው። እህል ይረጥባል፣ አቮካዶም ይጠቁራል፤ ገዢው ይወቀው ነው ነገሩ።

ሌላም አለ። ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘቢብ በውሃ ይዘፈዘፍላቸው እንደነበር፣ ያንን ጣፋጭ ውሃ ይጠጡት እንደነበር፣ ከሦስተኛው ቀን ማታ የተረፈው ግን ይደፋ እንደነበር በዚያው በሙስሊም ዘገባ እናገኛለን። መጠጥ ሲቆይ ይለወጣል፤ የመዲና ሙቀት ያንን ያስተምራል። እኛ ዘንድ ፍሪጅ አለ ይባላል፤ ነገር ግን መብራት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ የኮልፌ ሰው ያውቀዋል። ማታ መብራት የጠፋበት ፍሪጅ ውስጥ ያደረ የተቆረጠ ፍራፍሬ ጠዋት ምን እንደሚሸት ጁስ ሰሪዎቹ ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ጠጥተን ሆዳችንን የቆረጠን ቀን «አየሩ ነው» ብለን ስናልፍ የኖርነው እኛ ነን።

ስለ ፍራፍሬ ከተነሳ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ልጆች ሆነን «ሱረቱ ቲን»ን ስንሐፍዝ አላህ የማለበት ዘይቱን ሰፈራችን በር ላይ የሚሸጠው ዘይቱን ይመስለን ነበር። አማርኛው ዘይቱን የሚለው ያንን ሽታው ቤት የሚሞላውን፣ ውስጡ ሮዝ የሆነውን ፍሬ ነው፤ የዐረብኛው ዘይቱን ደግሞ ዘይት የሚጨመቅበት ወይራ ነው። ኡስታዛችን ይህን ሲነግሩን ቅር ብሎን እንደነበር አንደብቅም። እስካሁን የዘይቱን ጁስ ስናዝ ያቺ ሱራ ትዝ ትለናለች።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ልጁስ በደለኛ ነው? ሐነፊዮች አንድ ሰው እውነት መስሎት ባለፈ ነገር ላይ ከማለ መሐላው «ለግው» ነው፣ አይያዝበትም ይላሉ። ልጁ እንዲያ ነው የማለው። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ከገጠር ከመጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ጠዋት ፍራፍሬ ይልጣል፣ ማታ ወንበር ገልብጦ ያጸዳል፣ እዚያው ከጀርባ ባለችው ክፍል ያድራል። የስኳር በሽታ ምን እንደሆነ ማንም አስረድቶት አያውቅም። «ያለ ስኳር» የሚለው ደንበኛ ለእሱ እንደ «ያለ ሎሚ» ነው፤ የምላስ ምርጫ። ስለዚህ ልጁን ለመውቀስ አንቸኩልም። ነገር ግን በፊቅህ እንደምናውቀው አለማወቅ ወንጀልን ቢያነሳም ካሳን አያነሳም፤ ሳያውቅ የሰው ዕቃ የሰበረ ኃጢአት ባይኖርበትም ይከፍላል። የሃጂን ወራት ማን ይክፈላቸው? ያንን ስኳር ያስፈላውና ጆጓን እዚያ ያስቀመጠው ባለቤቱ እንጂ ልጁ አይደለም።

የጁስ ቤቱ ባለቤት የጀመዓችን ሰው ነው። ፈጅር ከማያመልጣቸው አንዱ ነው። በማግስቱ ከጁሙዓ በኋላ ነጠል አድርገን አናገርነው። አልተቆጣም፣ አልካደም። ያለበትን ነገረን፤ የነገረንን ማሳጠር ሐቁን መብላት ይሆንብናል። አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረበት ጊዜ ጠዋት ሄዶ በእጁ መርጦ ይገዛ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከዞረ ወዲህ ከኮልፌ ርቆታል፤ በደላላ ያስመጣል፣ የሚመጣለትም የተመረጠ አይደለም። አቮካዶ ደግሞ ክፉ ፍሬ ነው፤ ሦስት ቀን ድንጋይ ሆኖ ይቆይና አንድ ጠዋት ሁሉም በአንድ ላይ ይበስላል። ያንን ቀን ካልሸጥከው ይደፋል። ኪራዩ አለ። ደንበኛውም ጣፋጭ ካልሆነለት «ምንድነው ይሄ ውሃ?» ብሎ ይመልሳል። «እናንተ ራሳችሁ» አለን፣ «አንድ ቀን ስኳር አሳንሼ ባመጣላችሁ ጣዕም የለውም ብላችሁኛል።»

ልክ ነው። ብለነዋል።

ከዚያ ቀጥሎ የተናገረው ነው ያሳፈረን። «ሃጂ እንደዚያ መሆናቸውን ብትነግሩኝ ኖሮ» አለ። «እናንተ በየቀኑ እዚህ ናችሁ፣ ጆጓንም ታዩዋታላችሁ።» አዎ፣ እናያታለን። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ ወንበሩን የምንይዘው እኛ ነን። ልጁ ከእሷ ሲቀዳ ስንት ጊዜ አይተናል! አንድ ቀን እንኳ «ምንድን ናት?» ብለን አልጠየቅንም። ለምን አልጠየቅንም? እውነቱን ለመናገር፣ ሂሳብ ስለማንከፍል ነው።

እንዲህ ነው። ባለቤቱ ከድሮ ጀምሮ «የመስጂድ ሰው አይከፍልም» ይላል። መጀመሪያ ተግደርድረን ነበር። ቆይቶ ለመድነው። አሁን አንድ ጁስ መቶ ብርን ተሻግሮ ሳለ እኛ ተነስተን «ጀዛከላሁ ኸይር» ብለን እንወጣለን። ሥራችን ሰውን ማስታወስ ነው፤ ስለ ሪባ፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ አማና ደጋግመን እንናገራለን። ይህቺን ጁስ ቤት ግን አንድም ቀን በምሳሌ ሳይቀር ጠቅሰን አናውቅም። በነፃ የሚያጠጣህን ሰው ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስተህ አታይም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ከአዝድ ጎሳ የሆነ ሰው ተመልሶ ይህ የእናንተ፣ ይህ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው ባለ ጊዜ ሚንበር ላይ ወጥተው ምን እንደጠየቁ ታውቃላችሁ፤ አባቱና እናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር ነው የጠየቁት። እኛስ ኢማሙን የምናግዝ ባንሆን ኖሮ በየማታው አቮካዶ በነፃ ይቀርብልን ነበር? መልሱን ለማግኘት ኪታብ መግለጥ አያስፈልገንም።

ይህን ስንል የሰውየውን ኸይር መሻት ለማጣጣል አይደለም። ኒያው ጥሩ ነው፣ አላህ ይቀበለው። ለተቸገረ ሲያጠጣም አይተነዋል። የእኛ አቀባበል ነው የተበላሸው።

አንዳንድ ወንድሞች ጁስ ቤትን ሲያመሰግኑ «ወጣቱ ጫት ቤት ከሚውል ይሻላል» ይላሉ። እኛ ይህን ምስጋና አንወደውም። ከጫት ቤት መሻል ትንሽ ነገር ነው። ጁስ ቤት ራሱን ችሎ ጥሩ ነገር ነው፤ ከሥራ የደከመ ሰው በአንድ ብርጭቆ ረክቶ ይነሳል፣ ልጅ አባቱን ይጋብዛል፣ ሊጋቡ ያሰቡ ሁለት ቤተሰቦች በአደባባይ ይተያዩበታል። ያለ ጥርጣሬ የሚጠጣበት ቢሆን ነው የምንመኘው።

ለባለቤቶቹ የምንለው ብዙ ወጪ የለውም። የስኳሩ ውሃ ጆግ ላይ «ስኳር» ተብሎ ይጻፍባት፤ ልጁ ማንበብ ባይችል እንኳ ቀለሟ ይለይ፣ ለተራው ውሃ ሌላ ጆግ ይኑር። ከተቻለ ለሁሉም ያለ ስኳር ተፈጭቶ፣ የፈለገ ከጠረጴዛው ላይ ይጨምር። ወተት የነካው ብሌንደር ለጾመኛ ከመፍጨቱ በፊት በውሃ ብቻ ሳይሆን በሳሙና ይታጠብ፣ ደግሞም ደንበኛው እያየ። የጠቆረውን ፍሬ ላለመድፋት ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ለብቻው አስቀምጣችሁ «ይሄ የትናንት ነው፣ በግማሽ ዋጋ» በሉ። የሚገዛ አለ፤ እኛም እንገዛለን።

ጠጪውም የራሱ ሐቅ አለበት። «ያለ ስኳር» ካልክ ለምን እንደሆነ ጨምረህ ተናገር፦ «ሕመም አለብኝ» በል፤ ልጁ ያኔ ይጠነቀቃል። ደግሞ «ያለ ስኳር» የተባለ ማንጎ ስኳር የሌለው እንዳይመስልህ። አቮካዶ በተፈጥሮው ስኳሩ ጥቂት ነው፤ ማንጎ ግን የራሱ ብዙ ስኳር አለው፣ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ደግሞ ከአንድ በላይ ማንጎ ተፈጭቶ ሊገባ ይችላል። ቁጭ ብለህ ሁለት ማንጎ ለመብላት ጊዜ ይወስድብሃል፣ ጁሱን ግን በአራት ጉንጭ ትጨርሰዋለህ። በረመዳን ሆዱ ባዶ የዋለ የስኳር ታማሚ መግሪብ ላይ ይህን ከመጨለጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ግማሹን ጠጥተህ ግማሹን ጥለህ መነሳትም አለ፤ በሁለት ማንኪያ ልትካፈሉት ስትችሉ ሁለት ብርጭቆ አዛችሁ የምትተዉ ወጣቶች ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ትናንት ሃጂን ይዘን ተመልሰን ሄድን። እንቢ ይላሉ ብለን ፈርተን ነበር፤ «ልጁ እንዳይከፋው እንሂድ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ቢጫዋ ጆግ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ «ስኳር» ተጽፎባታል፤ ፊደሉ ጠማማ ነው፣ ልጁ ራሱ ሳይጽፈው አልቀረም። ሃጂን ሲያይ ብሌንደሩን አጥቦ፣ ገልብጦ አራግፎ፣ ባዶውን ወደ ሃጂ ከፍ አድርጎ አሳያቸው። «አየሁት ልጄ፣ ቢስሚላህ በልና ፍጨው» አሉት። ጁሱ ሲመጣ ቀመሱና ፊታቸውን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደዱ። «እንዲህ ነው እንዴ የአቮካዶ ጣዕሙ?» አሉ። ሎሚ አስጨመሩበት። ግማሽ ያህሉን ጠጥተው የቀረውን በላስቲክ አስቋጠሩ፣ ለባለቤታቸው።

ስንወጣ ሂሳብ ጠየቅን። ባለቤቱ እጁን አጣጥፎ «ኧረ በአላህ!» አለ። ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥን፣ መልሶ ገፋው፣ መልሰን ገፋንለት። ልጁ ቆሞ ይስቅ ነበር። በመጨረሻ ተቀበለና ከመሳቢያው መልስ ፈልጎ አጣ። «አሥር ብር ይቀራችኋል፣ ነገ» አለን።

«እሺ፣ ነገ» አልን፤ የዒሻ አዛን ደርሶ ስለነበር ሃጂን ይዘን ወጣን።